ኤርፎን ሰክቼ ያልሰማሁት ጩኸት

ገመድ አልባውን ኤርፎን ያመጣችልኝ ታናሽ እህቴ ናት፣ ከዱባይ ስትመለስ። ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ፣ ነካ ሲያደርጉት የውጭውን ድምፅ የሚያጠፋ ዓይነት ነው። ያኔ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ፣ የጥራት ክፍል ሪፖርት እጽፍ ነበር። ቢሯችን ከስፌት አዳራሹ በላይ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። ከታች ያ ሁሉ የስፌት መኪና ሲንጫጫ ወለሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ቤቴ ገብቼ ስተኛ እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ መስፋቱን አያቆምም ነበር።

ኤርፎኑ ከዚህ ገላገለኝ። ጠዋት ፍራንኮ ሰፈር ቆሜ ሰርቪስ ስጠብቅ እሰካዋለሁ፤ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የታክሲ ረዳቱ ጩኸት፣ የሰርቪሱ ሬዲዮ፣ ሁሉም ጭጭ ይላል። ቢሮ ገብቼም አላወልቀውም። በር ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ጥበቃ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ ሲሉኝ ከከንፈራቸው አንብቤ «ነጋ፣ አባባ»፣ በሰላም፣ ብዬ አልፋለሁ።

ቢሮው ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፣ እኔና አንዲት ጓደኛዬ። ጀርባ ለጀርባ ነው የምንቀመጠው፤ እሷ በሩን፣ እኔ መስታወቱን እያየን። ናሙና ልብስ እየቀደደች ስፌቱን የምትፈትሸው እሷ ስለሆነች ጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ የጨርቅ መቀስ አይጠፋም። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፣ ስትስቅ ሰው ይዛ የምትስቅ። አንዳንድ ሰኞ ግን ሻሿን እስከ ጉንጯ አውርዳ ትመጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ባጃጅ ገለበጠኝ።»

ሌላ ጊዜም ባጃጅ ገለበጠኝ ስትለኝ ትኩር ብዬ አየኋት። «ተይኝ እስቲ» ብላ ፊቷን አዞረች። በኋላ ራሷ ነገረችኝ። የሚደበድባትን ባሏን ትታ አክስቷ ቤት ገብታለች። «እንቅልፍ የሚባል ነገር እንዳለ ረስቼው ነበር» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ሻሽ ሳታደርግ መጣች።

ባሏ የመጣው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ለሽማግሌው ጥበቃ «እናቷ አርፈዋል፣ ራሴ ላርዳት» አላቸው። ደነገጡ፤ አዘኑለት። እስከ ደረጃው ድረስ ሸኝተው በሩን ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

እኔ እየጻፍኩ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ መዝሙር ተከፍቷል። ወንበሬ ከኋላ ገፋ ሲያደርገኝ እሷ የተነሳች መስሎኝ ወደ ፊት ጠጋ አልኩላት። እንደገና ተገፋሁ፣ አሁን በኃይል፤ ደረቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ተናድጄ ዞርኩ።

ፀጉሯን በግራ እጁ ጠምዝዞ ይዞ ፊቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጫታል። አፏ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ጥርሷ በደም ተነክሯል። ድምፅ ግን የለም። መዝሙሩ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ቀኝ እጁ መቀሱን ሲያነሳ አየሁ።

ወንበሬን አንስቼ ጀርባው ላይ አወረድኩት። ዞሮ በጡጫ ግራ ጆሮዬን አለኝ። ኤርፎኑ ሚስማር ሆኖ ወደ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ መስታወቱ ላይ ተለጠፍኩ። ፊቴ ላይ ትንፋሹ መጣ፣ አረቄ አረቄ ይላል። ከዚያ ትቶኝ ወደ እሷ ተመለሰ። ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋ ስትከላከል መቀሱ ክንዷ ውስጥ ገባ። ነቅሎ ትከሻዋ ላይ ደገመው። የተሰፋ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚከብድ ሁሉ እሱም ለመንቀል ሲታገል አየሁ። ወንበሩን በእግሩ በኩል ይዤ ጭንቅላቱን መታሁት። ተንበረከከ። መቀሱ ከእጁ ወደቀ።

እኔ ግን አላቆምኩም። መታሁት፣ ደግሜ መታሁት። ከሥር ሰፊዎቹ በመስታወቱ አይተው ሽቅብ ሮጠው ደረሱ፤ በጫማ፣ በክርን፣ ባገኙት ሁሉ ወረዱበት። አንዷ ፊቱን በጥፍሯ ስትቧጭረው ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ደስ አለኝ። ፊቱ የሰው ፊት መምሰሉን እስኪተው ድረስ ልመታው ፈልጌ ነበር።

ከኋላ ሁለት እጆች አቀፉኝ። ሽማግሌው ናቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ አልሰማኋቸውም። ሲጨንቃቸው እጃቸውን ሰደው ከቀኝ ጆሮዬ ኤርፎኑን ነቀሉት። የሴቶቹ ለቅሶ፣ ከታች አንድ ሳይጠፋ የቀረ የስፌት መኪና፣ የእሱ ማጓራት፣ ሁሉም ባንዴ ገባብኝ። «ልጄ፣ ይበቃሻል! ሰውዬው ሊሞት ነው!» ይላሉ። ከወለሉ ደግሞ እሷ፣ በጣም በቀስታ፣ «ውሃ» አለች።

ሻሼን ፈትቼ ክንዷን አሰርኩት። ደሟ በጣቶቼ መሃል ትኩስ ሆኖ ይወርድ ነበር። ሆስፒታል እስክንደርስ በፋብሪካው መኪና ውስጥ ጭንቅላቷን ታቅፌ «አትተኚ፣ አትተኚ» እላለሁ፤ እሷ «የት ነው የምንሄደው?» እያለች ያንኑ ትጠይቀኛለች።

እሷን ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። እኔን ያየኝ ሐኪም የግራ ጆሮዬ ታምቡር መቀደዱን ነገረኝ። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አሉኝ።

«ሞት ሊያረዳ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል፣ አባባ? እርስዎ ምን ያድርጉ?»

አልተጽናኑም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሠርተው ሥራውን ተዉት።

ሰውየው ዳነ። ችሎት ስመሰክር ራሱ ላይ የስፌት ጠባሳ እያየሁ ነበር፤ እሱ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ተፈረደበት፣ ታሰረ። እሷ አዳማን ለቃ አገሯ ገባች።

ባለፈው ጥር ልጠይቃት አርሲ ነገሌ ሄድኩ። እህል ተራ፣ ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ስንዴ ትሸጣለች። ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ፀጉሯን በጣም አሳጥራ ተቆርጣለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጆንያ ላይ ተቀምጠን ለስላሳ ስንጠጣ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየውን አወጣሁት።

«የዚያን ቀን ጠርተሽኝ ነበር?»

«አዎ» አለች። «ገና በሩን ሲከፍተው ጀምሮ። ስትቀሪብኝ የፈራሽ መስሎኝ ነበር።»

«ኤርፎን ሰክቼ ነበር» አልኳት።

«ከዚያ ዞርሽ» አለች። «ፊትሽን ሳየው ከእሱ ይልቅ አንቺን ፈራሁ።» እና ሰው ይዛ የምትስቀው ያ ሳቋ መጣ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ፣ እሷ ግን መሳቋን አላቆመችም።

አንዲት ሴት ስንዴ ልትገዛ መጥታ በር ላይ ቆመች። ጓደኛዬ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ተነሳች፤ ሰፌዱን በደህና እጇ ይዛ፣ በሌላኛው ክንዷ ደግፋ፣ ለሴትዮዋ ስንዴውን ማሳየት ጀመረች።