ምስማር በአፋቸው

«አካባቢያችሁን ተጠቀሙ» የሚል ሥልጠና ወስጄ ስመለስ፣ ለሒሳብ ማስተማሪያ የሚሆን ቁርጥራጭ እንጨት ፍለጋ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ወዳሉት አናጢ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ መጋዛቸውን የማውቀው በጩኸቱ፣ እንደ አንድ ረባሽ ተማሪ ነበር።

ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይወርድም፤ የሸሚዛቸው እጅጌ በኮላ ደርቋል። ሲሠሩ ምስማሮቹን በከንፈራቸው ይዘው አንድ በአንድ እያወጡ ይመታሉ። ሳያቋርጠኝ የሚያዳምጠኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኳቸው። አንገታቸውን ዘንበል ሲያደርጉ ንግግሬ ልባቸውን የነካው መስሎኝ ነበር። ለካ የጠረጴዛው እግር መጣመም አለመጣመሙን እያዩ ነው።

በመጨረሻ ምስማሮቹን መዳፋቸው ላይ ተፏቸው።

«እሺ መምህር፣ ምን ልስጥዎት?»

«ቁርጥራጭ እንጨት።»

በጆንያ ሞልተው ሰጡኝ። አርፌ አልሄድ ነገር፣ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነች ትንሽ ወንበር አየሁና «ይቺስ የማን ናት?» አልኩ።

ጨርቁን ገልጠው መቀመጫዋን በእጃቸው ጠረጉ። አቧራ ግን አልነበረባትም።

«ለልጄ ነበር የሠራኋት። ትምህርት ቤት ለመግባት ዕድሜ አልሰጣትም። ይውሰዷትና ከልጆችዎ አንዷ ትቀመጥባት።»

ምስማሮቹን ወደ አፋቸው መለሱ።

የሳቸው አፍ ምስማር ይዟል። በመናገር የምተዳደረው እኔ ግን በባዶ አፌ ዝም አልኩ።