ማንኳኳቱን ያቆመው ሮቦት

ምን አለሽ ተራ ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሼ ሸምሱ መዶሻ ሰጥተው አሮጌ በርሜል እንዳንኳኳ አዘዙኝ። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። «እንግዲያው ብየዳ አትነካም» አሉ። የሳሳውን ብረት ከወፍራሙ በድምፅ እስክለይ ወራት ፈጀብኝ።

በኋላ የነዳጅ ቦቴ ለግንባታ ውኃ ማመላለሻ እየቀየርን እንሸጥ ጀመር። ከመበየዱ በፊት አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ዝቃጩን ይጠርጋል፣ ግድግዳውንም እያንኳኳ የሳሳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። አንድ ቀን ባልንጀራዬ በድሩ ገብቶ እያለ ማንኳኳቱን አቆመ። ገብቼ በእግሩ ጎትቼ አወጣሁት። የነዳጁ ጋዝ ግን ቀድሞኝ ገድሎት ነበር።

ልጄ ሐያት ይህን እየሰማች አደገች። ዛሬ ከጓደኞቿ ጋር በሪሞት የሚታዘዝ ሮቦት ትሠራለች፤ ሐሳቧ ጠፈር ድረስ ልካ የመንኮራኩር ብረት ልታስበይደው ነው።

«ለብየዳ ብሎ ጠፈርተኛ መላክ ምን ይባላል?» ትለኛለች። «ሰው አየር ይፈልጋል፣ ምግብ ይፈልጋል፣ መመለስ ይፈልጋል።»

«ሮቦቱስ አይመለስም?»

«ከተበላሸ እዚያው ይቀራላ።»

«ብቻውን?»

«አባዬ፣ ብረት እኮ ነው!»

ብረት መሆኑን ማን ለእኔ ይነግረኛል? ግን ቅር አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ሮቦቷን ልትሞክር ወደ ሱቄ አመጣችው። ክንዱን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ መዶሻም አስያዝኩት። ገና ያልታጠበ ቦቴ ውስጥ አስገባችው። ማንኳኳት ጀመረ። ውጭ ቆሜ የሳሳውን ቦታ በድምፁ ለየሁት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ይህ በበድሩ ጊዜ ቢኖር ኖሮ አልኩ።

ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ።

«የቦቴው ብረት ሲግናሉን ዘጋው» አለች ሐያት፣ ሪሞቱን እየነካካች። ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማስረዳት ይቸግረኛል። በቦቴው አፍ እስከ ወገቤ ገብቼ በጨለማው እዳብሳለሁ። ሐያት ሁለት እግሬን ይዛ ጎትታ መሬት ላይ ጣለችኝ።

«አብደሃል እንዴ አባዬ? እሱን የሠራሁት አንተ እንዳትገባ ነው እኮ!» ታለቅሳለች።

«ማንኳኳቱን አቆመ» አልኳት።

ወደ ጠፈር ሰው ይሂድ ወይስ ሮቦት ብትሉኝ አሁንም ግራ ይገባኛል። በሙያው ላላችሁ ግን እላለሁ፦ ማሽኑ ድምፁን ካጠፋ ተዉት፤ አትግቡ። እኔ ራሴን ስለማላምን ሐያት ሙከራ ባላት ቀን ከሱቁ ርቄ አብነት ሰፈር ሄጄ ሻይ እጠጣለሁ።