የለውዝ ቅርፊት የሚጎርሰው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ጁባ፣ አማራት ሰፈር ወዳለው ዳቦ ቤቴ አንድ ክራባት ያሰረ ወጣት መጣ። በጁባ ሙቀት ክራባት! ሰው ቆዳውን አውልቆ መስቀል በሚመኝበት አገር አንገቱን አንቆ የሚዞር ሰው ሳይ ወይ ሰባኪ ነው ወይ ሻጭ ነው እላለሁ። ይሄኛው ሻጭ ነበር። የአገሬ ልጅ ስለሆነ ወንበር ሰጠሁት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አስመጣሁለት።

«ጋሼ፣ በእንጨት ዋጋ መቃጠል አበቃልዎ» አለና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ቪዲዮ ነው። ትልቅ የብረት ፈነል ይታያል፣ ውስጡ የለውዝ ቅርፊት ሞልቶበታል፣ ከጎኑ ምድጃ ይነዳል። «ቅርፊቱን ከላይ ይደፉታል፤ ማሽኑ ራሱ ከሥር እየጎተተ እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። ፉሊ አውቶማቲክ ነው! የሰው እጅ አይነካውም።»

እኔ እሱን መስማት ትቻለሁ። ዓይኔ ያረፈው ቅርፊቱ ላይ ነው። ማሽኑ ይጮሃል፣ ከሥር ይጎትታል፣ ከላይ ያለው ቅርፊት ግን ንቅንቅ አይልም። ለጥ ብሎ ተኝቷል። እውነቴን ነው፣ ያ ሽታ ከስንት ዓመት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ መጣብኝ።

«አጥፋው» አልኩት።

«ምነው ጋሼ? ዲስካውንት እኮ አለው፤ ከፈለጉ ደግሞ...»

«አጥፋው አልኩህ!»

ልጁ ደንግጦ ውሃውን ሳይጨርስ ወጣ። በኋላ አሳዘነኝ። ምን ያርግ፣ እንጀራው ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እኔ ጁባ የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ ወዲህ ያለው መንገድ ያኔ አስፋልት አያውቅም፤ ቀዩን አቧራ እየቃምኩ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ደብቄ መጣሁ። ያኔ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ወይ ሆቴል ይከፍታል ወይ ሆቴል ይቀጠራል። እኔ «አስተናጋጅማ አልሆንም፣ የተማርኩ ሰው ነኝ» ብዬ ጁባ ታውን ገበያ ውስጥ ሁለት ሳምንት በባዶ ሆዴ ተንጎራደድኩ። ጉራ ብቻ! የማንጎ ወቅት ባይሆን ኖሮ በረሃብ እሞት ነበር። ማንጎው መንገድ ላይ ወድቆ ይረገጣል፤ ዝንብ የወረረውን እየጠረግኩ እበላ ነበር። እንግዲህ ኩራቴ ይህን ይመስል ነበር። ሳህን ማመላለስን የተጸየፈ ሰው ከመሬት ለቅሞ ይበላል።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የአገራችን ሰው ቀጠሩኝ። ሆቴል ነበራቸው፤ ከተማው በሙሉ ግንባታ ሲጀምር አይተው ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር የጡብ ፋብሪካ አቋቁመዋል። ጡቡ የሚተኮስበትን ምድጃ በእንጨት ማንደድ አልፈለጉም። ለውዝ ፈልፋዮች የሚጥሉትን ቅርፊት በመኪና እያስጋዙ፣ እሱን ወደ እሳቱ የሚጨምር ማሽን ከውጭ አስመጥተው ተከሉ። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ሆንኩ።

ከላይ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ የብረት ፈነል አለ፤ ሆፐር እንለዋለን። ከሥሩ እንደ ስጋ መፍጫ ውስጡ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት አለ። ከሆፐሩ የወረደለትን ቅርፊት እየገፋ ምድጃው ውስጥ ይከተዋል። በደረቁ ወራት ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ቅርፊቱ እየተንሿሿ ይወርዳል፣ እሳቱ እኩል ይነዳል፣ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ዝናብ ሲመጣ ግን፣ ኤዲያ!

የጁባ ዝናብ አንዴ ከጀመረ የተከመረው ቅርፊት ይረጥባል፣ የረጠበው ይቦካል። ሽታው የሰነበተ አተላ ውስጥ የሞተ አይጥ ቢጨምሩበት ነው፤ እንዲያውም አይጡም ነበረበት። በአካፋ ሲዛቅ ውስጡ ይጨሳል፣ ነጭ ትል ይርመሰመሳል። እጄን በሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቤም ምሳዬን ሳነሳ ወጡ ያንኑ ይሸተኛል። ዛሬም ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ለውዝ ሲቆሉ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ።

የረጠበ ቅርፊት ሌላም አመል አለው። ሆፐሩ ውስጥ እርስ በርሱ ይያያዝና ከላይ እንደ ጣሪያ ይቆማል፤ ጠመዝማዛው ብረት ደግሞ ከጣሪያው ሥር ያለውን እየጎተተ ይጨርሰዋል። ከላይ ላየው ሰው ሆፐሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ይጠፋና በሆፐሩ ጎን ባለች ትንሽ በር በረጅም ዘንግ እየተወጋ ይናዳል እንጂ ላዩ ላይ አይወጣም። ከማሽኑ ጋር በመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ ቅርፊት ላይ የቆመ ሰው ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል። መመሪያውን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህንንም ለሰው ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም።

አካፋ ከያዙት አንዱ ሞላ የሚባል የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው። ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል። ሥራ ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዝቅ ደከመኝ አይልም። እኔን «መሐንዲሱ» ይለኛል፣ ከልቡ ነው። እኔ ደግሞ «ጎጃሜው፣ በሬህን የት አሰርከው?» እያልኩ አሾፍበታለሁ። ይስቃል እንጂ አይቀየመኝም። ግንባሩን በክንዱ ይጠርግና «በሬዬማ ይሄው» ብሎ አካፋውን ያሳየኛል።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በጣታቸው እኔን እያሳዩ፣ «ይሄ የተማረው ቁልፍ ይጫናል። ሥራውን የሚሠራው ሞላ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሞላ ራሱ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ያን ዕለት ምሳም አልበላሁ። ቂም ያዝኩ፣ ያውም ምንም ባላደረገኝ ሰው ላይ።

ያን ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስንገባ እሳቱ ደክሟል። ምድጃው ውስጥ የሳምንት ልፋታችን አለ፤ እሳቱ መሐል ላይ ከጠፋ ጡቡ ሁሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። የሆፐሩን የጎን በር ከፍቼ አጮለቅኩ። ባዶ ነው። ከላይ ግን ጣሪያው ቆሟል። አብሮን የሚሠራ ላዱ የሚባል የአገሬው ተወላጅ፣ የባሪ ጎሳ ሰው ከኋላዬ ቆሞ አብሮኝ አየ። በሩን ዘግቼ ማሽኑን ላጠፋ ስል ጋሽ ደምሴ ከመኪናቸው እየጮኹ ወረዱ።

«እንዳታጠፋው! ከጠፋ መልሶ አይነሳም! ሰው ይውጣና ከላይ ይጫነው!»

ሞላ አካፋውን ጣለ። «ጋሽ ደምሴ፣ ምን አስጨነቀዎት? ይሄማ ጭድ ማለት ነው። እኛ አገር ጭድ ስንከምር ላዩ ላይ ወጥተን ነው የምንረግጠው። ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ይወርዳል» አለና ጫማውን አወለቀ። ክፉ ነገር አላሰበም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ክምር በሰው እግር ሥር የሚጠቀጠቅ፣ ከሥሩ መሬት ያለው ክምር ነው።

መሰላሉ ላይ ሆኖ ዞር አለ። «መሐንዲሱ፣ ልውጣ?» አለኝ።

ጠየቀኝ እኮ! ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ እኔን ጠየቀኝ። እኔም «ውጣ» አልኩት።

ምን አስቤ ነበር? እንዲሞት አልፈለግኩም፣ ይህን እግዜር ያውቃል። እስከ ወገቡ ይሰምጥና ይሳቅበታል ብዬ ነው። በትልና በግማት ተለውሶ ሲወጣ ጋሽ ደምሴም ይስቃሉ፣ ከዚያ በኋላ «ሞላ፣ ሞላ» ማለት ይቀራል ብዬ ነው። ለዚህ ነው። ለዚችው! ቱ!

ሁለት ጊዜ ረገጠ። በሦስተኛው የለም። የገማ አቧራ ቡን ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ከሥር ጩኸቱ ተሰማ። ማጥፊያውን መቼ እንደመታሁት አላውቅም፤ ብቻ ማሽኑ ቆመ።

ላዱ «ያላ! ያላ!» እያለ የጎኗን በር ገንጥሎ በእጁ መዛቅ ጀመረ። እኔም ተከተልኩት። ቅርፊቱ ይሞቃል፣ ይጣበቃል፣ ትል በትል ነው፤ ጥፍሬ ሥር ገባ፣ አፌ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያገኘነው እጁን ነው። ፊቱን ስናወጣው አፉም አፍንጫውም በቅርፊት ተጠቅጥቋል። በጣቴ ከጉሮሮው እየጠረግኩ አወጣሁለት፣ ተነፈሰ። ግራ እግሩን ግን ብረቱ ይዞታል። ጠመዝማዛውን በቁልፍ ወደ ኋላ እያዞርን ስናላቅቀው ከዚያ እግሩ ጣቶች አንድም አልተረፈም።

ጋሽ ደምሴ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ? ጎንበስ ብለው ወደ ማሽኑ እያዩ «ብረቱ አልተጣመመም አይደል?» አሉ። እግዚኦ! ሰውየው አጠገባቸው መሬት ላይ ደሙ እየፈሰሰ።

ሐኪም ቤት አድርሰነው በሩ ላይ ስንቆም ላዱ ትክ ብሎ አየኝ። «ኢታ አይኑ» አለኝ በጁባ አረብኛ፤ አይተሃል ማለቱ ነው። እግሬ ሥር እንትፍ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ አልመጣም።

ሐኪሞቹ ሞላ ይተርፋል ባሉ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ደምሴ በግ አሳረዱ። ጥብሱ ቀረበ፣ ቢራው ወረደ። «ይሄ ልጅ ባይኖር ሰው ገድለን ነበር! በዓይን ጥቅሻ ነው ያቆመው!» ብለው ከእንጀራው ላይ ስጋውን ጠቅልለው በሰው ፊት አጎረሱኝ። ጥፍሬ ሥር ያ ጥቁር ቅርፊት ገና አልለቀቀም። ጉርሻው ትልቅ ነው፣ ቅባቱ በአገጬ ወረደ። ዋጥኩት። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛ አጎረሱኝ። እሱንም ዋጥኩት። ማሽኑ እንዳይጠፋ የከለከሉት እሳቸው መሆናቸውን አልተናገርኩም፣ እኔ ባዶውን አይቼ ዝም ማለቴንም አልተናገርኩም። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ እኔ በበላሁበት ጭጭ አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ። በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ዓይኔ ያላየው የለም። እንደዚያ ጉርሻ ግን የሚያስጸይፈኝ ነገር የለም፤ የቅርፊቱ ትል እንኳ ከእሱ ይሻላል።

ሞላ አገሩ ተመለሰ። ሁለቱን ክራንች ትቶ በከዘራ መሄድ ሲጀምር ትንሽ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ። የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ብርሃኑ አለው፤ በእኔ ስም። ደውሎ ሲያበስረኝ ስልኩን ዘግቼ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ፣ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። በየእንቁጣጣሹ፣ በየፋሲካው ይደውላል። «ይሄን ልጅ ያየሁት በአንተ ነው» ይለኛል። «ኧረ ተው፣ የእግዜር ሥራ ነው» እለዋለሁ። ይህንንም ትሕትና ነው ብሎ ለጎረቤቱ ያወራልኛል።

ሻጩ በወጣ በሰዓቱ ወደ ሞላ ደወልኩ። በዓል ስላልሆነ «ምን ሆንክ? ደህና ነህ?» ብሎ ደነገጠ። ሁሉንም ነገርኩት። የጎኗን በር ከፍቼ ማየቴን፣ ባዶ መሆኑን ማወቄን፣ «ውጣ» ስለው ምን እንዳሰብኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ከኋላው አንዲት ሴት ሳሙና ስትጠይቅ ይሰማኛል፤ እሱ አልመለሰላትም።

«ለምንድነው አሁን የነገርከኝ?» አለኝ በስተመጨረሻ።

«እውነቱን ማወቅ አለብህ ብዬ ነው።»

«አይደለም። ከብዶህ ነው» አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። «እኔ እኮ እግሬን ረስቼው ነበር፣ ብርሃኑ። ሰው አተረፈኝ እያልኩ ነበር የኖርኩት። አሁን ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ምን ብዬ ልጥራው?»

ስልኩ ተዘጋ።

ያን ሁሉ ዓመት የተጸየፍኩት ዝምታዬን ነበር፤ ስናገር ይለቀኛል የሚል ተስፋ ነበረኝ። አሁን ደግሞ መናገሬንም ተጸየፍኩት። ያኔ ጣቶቹን ወሰድኩበት፣ ዛሬ ደግሞ የሚያመሰግነውን ሰው ወሰድኩበት። ዳቦ ቤቴ ውስጥ ዱቄት እያየሁ ተቀምጬ የማስበው ስለ ልጁ ነው። አንድ ቀን «አባዬ፣ ያ ስሙን የሰጠኸኝ ሰው ማነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሞላ ምን ብሎ እንደሚመልስለት አውቃለሁ። ሞላ ሰው አይዋሽም።