የኮምፒውተሩ ዳንቴል

በ1998 ዓ.ም. ሙንተሃ ሀዋሳ ፒያሳ ባለች ጠባብ ሱቋ ኮምፒውተር ትገጣጥም ነበር። የማብሪያውን ቀጫጭን ገመዶች ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ ላይ መሰካት ሁሌም ያስቸግራታል። ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ የገጣጠመችው ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ደህና ይሠራል፤ ቤታቸው ሲገባ ግን በርቶ ወዲያው ይጠፋል። ሁለቴ አስመጥታ ገመዶቹን ነቅላ መልሳ ሰካች። በሦስተኛው ተናዳ በባጃጅ ቤታቸው ሄደች።

«እስቲ ያብሩት፣ እትዬ።»

ወይዘሮዋ ኮምፒውተሩን ያለበሱትን ዳንቴል ሳይገልጡ ከላይ ተጫኑ። ክሩ ከጣታቸው ጋር ገብቶ ማብሪያውን እንደተጫነ ያዘው፤ ማብሪያው ተጭኖ ከቆየ ያጠፋልና፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ጠፋ።

«እፎይ! ገመዶቼ ደህና ናቸው! በአላህ፣ ይህን ያውልቁለት!»

«ራቁቱን ላስቀምጠው?»

በሳምንቱ ጎራ ስትል ዳንቴሉ እዚያው ነው። ማብሪያው ጋ ግን ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ወጥቶለት፣ ዙሪያው በአበባ ተጠልፏል።