የመነኩሴው እራት

ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ፓስፖርት ለሚመረምረው ሰው «ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ካልኩት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጄ ላይ ካቴና ገባ። ያሰረኝ ሰው ጨዋ ነበር። ጠብቆብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አገሬ ላይ ያሰሩኝ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። «ደህና ነው» አልኩት።

የወሰዱኝ ኦሮራ ውስጥ፣ መጋዘኖች በተደረደሩበት ሰፈር ወዳለ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። ልብሴን ተቀብለው ብርቱካናማ ቱታ ሰጡኝ። ያስገቡኝ ቦታ ክፍል ከሚባል አዳራሽ ቢባል ይሻላል። ሃምሳ ያህል ሰው፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ከወለሉ ጋር የተበየዱ ጠረጴዛዎች፣ የበረኪናና የተቀቀለ ባቄላ ሽታ። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ያሉ ጠባብ ክፍተቶች ነበሩ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ትልልቅ ተራሮች እንዳሉ የማውቀው ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ እንጂ አይቻቸው አይደለም።

አልጋዬ ከላይ ነበር። ከሥሬ የሚተኙት የበርማ መነኩሴ ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። በአገራቸው መነኮሳት በባዶ እግራቸው አደባባይ ወጥተው ወታደሮቹ ፊት ሲሄዱ እሳቸውም መካከላቸው ነበሩ። ከዚያ ገዳማቸው ተዘጋ፤ እሳቸው በጫካ በኩል ድንበር ተሻገሩ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላ ከእኔ አልጋ ሥር ደረሱ። ቱታውን ሲሰጧቸው አገላብጠው አይተው «ይህ የእኛ ቀለም አይደለም፤ የጎረቤቶቻችን የታይላንድ መነኮሳት ቀለም ነው» ብለው እንደለበሱት ሰዎቹ እየሳቁ ነገሩኝ። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነበር፤ ግን የሚናገሩትን ቃል ሁሉ አጥርተው ነበር የሚናገሩት። እኔን «መምህር» ይሉኝ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፓርክ ሂል የምትኖር አንዲት አሜሪካዊት ነርስ በበጎ ፈቃደኝነት ትመጣለች። ትንፋሽ ታስተምራለች። ስትጀምር ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር። ይህ ሃይማኖት አይደለም፤ ሆስፒታል ውስጥ ለታመሙና ለተጨነቁ ሰዎች የምንሰጠው ልምምድ ነው ትላለች። ትንሽ ደወል ይዛ መጥታ ብረት ነው ብለው በር ላይ ስለከለከሏት ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለቴ ታንኳኳለች፤ ያኔ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የተሣለበት ፎቶ ኮፒም ታድላለች። ወረቀቱ ላይ የማንም አገር፣ የማንም እምነት ስም የለም።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ያደግኩት በጸሎት ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዳር ሆኜ መዝሙረ ዳዊት አነብ ነበር። ወደ ትምህርቱ ያስገባኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ሌላ አዳራሽ፣ የአዲስ አበባውን፣ አይ ነበር። ይህን ለነርሷ ሳልነግራት በፊቴ ገብቷት መሰለኝ «አንተ ዓይንህን አትጨፍን። እግርህ ወለሉን ሲነካ ብቻ ተከታተል» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። በአራተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ አፍሬ እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ፤ አላፈርኩም። እግዚአብሔርንም አመሰገንኩ።

መነኩሴው በዚያ ትምህርት ላይ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ይቀመጡ ነበር። ነርሷ ማን እንደሆኑ አታውቅም። እሳቸውም አልነገሯትም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የእናንተን የቡድሃ መነኮሳት ልምምድ ወስደው ስማችሁን መሰረዛቸው አያስቆጣዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ረጋ ብለው ነው የነገሩኝ። በእሳቸውም አገር ድሮ ተራው ሰው ለተመስጦ አይቀመጥም ነበር፤ የመነኮሳት ሥራ ነበር፤ ከመነኮሳትም የጥቂቶቹ። እንግሊዞች አገሩን ሲይዙ አንዳንድ አዋቂዎች እምነቱ ይጠፋል ብለው ሰጉና ልምምዱን ከገዳም አውጥተው ለገበሬውም ለነጋዴውም ማስተማር ጀመሩ። ያኔም አሮጌዎቹ መነኮሳት ተቆጥተው ነበር።

«የእኔን አስተማሪ ያስተማረው ሩዝ ነጋዴ ነው» አሉኝ። «መነኩሴ አልነበረም። እኔ በምን አፌ እቆጣለሁ?»

ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አንድ ነገር ጨመሩ። «ወረቀቱ ላይ ትንፋሹ አለ። ከትንፋሹ በፊት የሚመጣው ግን የለም።»

«እሱ ምንድነው?»

«አለመጉዳት። አለመዋሸት። ልቡ የረጋ ሰው እኮ አሳምሮ መዋሸት ይችላል።» ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ዳኛ ፊት የምቀርብበት ቀን ነበርና ነገሩ እኔን የነካ መሰለኝ።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። መነኩሴው በሥርዓታቸው ከቀትር በኋላ ምግብ አይበሉም። የእራት ትሪ ሲመጣ ተቀብለው አጠገባቸው ላለ ሰው ይሰጡ ነበር፤ ጠባቂዎቹም አይተው ያልፉ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን አዲስ የፈረቃ አለቃ ተመደበ። ትሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አይቶ መጣ። ምግብ ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው፤ እራት አለመብላት ደግሞ የረሃብ አድማ ነው አለ። ሃይማኖታቸው እንደሆነ ነገርነው። ሄዶ ፋይላቸውን አይቶ ተመለሰ። ሲገቡ የሞሉት ፎርም ላይ የሃይማኖቱ ቦታ ባዶ ነበር፤ ጥያቄው ስላልገባቸው ዘለውት ነው።

«ፋይሉ ላይ ሃይማኖት የለውም» አለ አለቃው። «ነገ እራቱን ካልበላ ለብቻው ይዘጋበታል።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ደንብ እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገረው።

በአዳራሹ አንድ ሌላ አበሻ ነበር፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ሲነዳ በወረቀት ጉዳይ የተያዘ። እሱ መንገዱን ያውቅ ነበር። ረመዳን ላይ ለሙስሊሞቹ ምግብ በሌላ ሰዓት የተሰጣቸው በማመልከቻ ነው። የእምነቱን ነገር የሚያውቅ ከውጭ የመጣ አንድ ሰው፣ ከእስረኞች ደግሞ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አለኝ። ማመልከቻውን ለመጻፍ እስክሪብቶ ሳነሳ ግን እጄን ያዘ።

«ወንድሜ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት አለህ። ይሄ ሰውዬ በመጥፎ ከጻፈህ ዳኛው ጋ ይደርሳል። ሌላ ሰው ይጻፍ።»

እውነቱን ነበር። ሌሎቹ ግን እንግሊዝኛ አይጽፉም።

እዚህ ላይ እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገርኩትን መናገር አለብኝ። ከምርጫው በኋላ አዲስ አበባ ታስሬ ሳለ አብሮኝ ያስተምር የነበረ የሂሳብ መምህር እኛ ፊት ተደበደበ። ከቀናት በኋላ የእስረኞችን አያያዝ የሚመረምሩ ሰዎች ከውጭ መጡና አዳራሹ መካከል ቆመው «ይህን ሰው ማን እንደመታው ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። አርባ ነበርን። መምህሩ ራሱ ከመካከላችን ተቀምጦ ፊት ፊታችንን ያይ ነበር። ማንም እጁን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። በኦሮራው አዳራሽ ዓይኔን ስከድን የማየው ዱላውን አልነበረም፤ የዚያን ሰው ዓይን ነበር።

ማመልከቻውን ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜንና የእስረኛ ቁጥሬን አሰፈርኩ። ታክሲ ነጂው እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ሁለተኛው ምስክር ሆኖ ፈረመ። «እኔም ሰኞ ቀጠሮ ቢኖረኝ ኖሮ አልፈርምም ነበር» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ አላምነውም።

በማግሥቱ ነርሷ ስትመጣ ነገሩን አስረዳኋት። ወረቀቱን አንብባ መነኩሴውን አየቻቸው።

«ስንት ዓመትዎ ነው ከመነኮሱ?»

«አርባ አንድ» አሉ።

ፊቷ ቀላ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ መተንፈስ አስተማርኩዎት» አለች።

«ደህና ታስተምሪያለሽ» አሏት። «ድምፅሽ አይቸኩልም።»

ሳቀች። ያሳሰባትን ግን አልደበቀችም። ዓመት ሙሉ ለእስር ቤቱ ቢሮ ይህ ሃይማኖት አይደለም ስትል ቆይታ ነው የተፈቀደላት። አሁን የቡድሃን ትምህርት አውቃለሁ ብላ ከፈረመች ፕሮግራሟን ሊዘጉት፣ ቢያንስ ከሕክምናው ዝርዝር አውጥተው ወደ ቤተ ጸሎቱ ሊያዛውሩት ይችላሉ። መነኩሴው እንድትፈርምም እንዳትፈርምም አልጠየቋትም። እሷ ደግሞ ብዙ አልቆየችም። የሆስፒታሉን ልምምድ የፈጠሩት ሐኪሞች ከመነኮሳት እንደተማሩት፣ እሷም ራሷ ዓመታት አንድ የቡድሃ ማዕከል እየሄደች እንደተቀመጠች፣ ከቀትር በኋላ አለመብላት የታወቀ የመነኮሳት ሥርዓት እንደሆነ በግልጽ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳች። በዚያ ቀን መነኩሴው ወንበር አልተጠቀሙም። ወለሉ ላይ፣ ለአርባ አንድ ዓመት እንደተቀመጡት ተቀመጡ።

እራት የሚመጣው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። መነኩሴው ትሪውን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ለማንም አልሰጡም፤ ማንኪያውንም አላነሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ባቄላው እየቀዘቀዘ ሄደ። አለቃው ማመልከቻውን ይዞ ገባና አዳራሹ መካከል ቆመ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

ሃምሳ ሰው ዝም አለ። እግሬ ወለሉን ሲነካ ተሰማኝ። ተነሣሁና እጄን አነሳሁ።

«እኔ ነኝ። ሲጾሙ በየቀኑ አይቻለሁ። የጻፍኩት እውነት ነው።»

አለቃው ደረቴ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ትንሽ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ታክሲ ነጂው ሳይጠየቅ ተነሣ። ቀጥሎ አንድ የሜክሲኮ ሰው፣ ቀጥሎ ሌሎች። ማንም አልጮኸም፤ ሰዎቹ ቆሙ ብቻ። አለቃው ወረቀቱን እንደገና አነበበ፤ የነርሷ ፊርማ ላይ ቆየ። ከዚያ ወደ መነኩሴው ጠረጴዛ ሄዶ ትሪውን በገዛ እጁ አነሳ።

«ከነገ ጀምሮ የእራቱ ድርሻ ከቁርስ ጋር ይሰጠዋል» አለና ወጣ።

መነኩሴው ዞር ብለው አዩኝ። «መምህር፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ትምህርት አገኘኸው» አሉኝ።

ሰኞ ዳኛው ፊት ቀረብኩ። የመንግሥት ጠበቃዋ በአዲስ አበባው እስር ቤት ስለሆነው ስትጠይቀኝ ሁሉንም ተናገርኩ፤ እጄን ያላነሳሁበትንም ቀን። ማንም ያን አልጠየቀኝም ነበር። ጥገኝነቱ ተሰጠኝ። አለቃው የጻፈው ቁጥር የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። መነኩሴው ወደ ሌላ ስቴት ተዛወሩ፤ ዘግይቶም ቢሆን ተፈትተው እዚያው ከአገራቸው ሰዎች ጋር አንድ ተራ ቤት ገዳም አድርገው መኖር እንደጀመሩ ነርሷ ነገረችኝ። የእሷ ትምህርት እንደፈራችው ወደ ቤተ ጸሎቱ ተዛወረ፤ የሚመጣውም ሰው ቀነሰ። እሷ ግን አላቆመችም። የመክፈቻ ንግግሯን ብቻ ለወጠች። ይህን የተማርነው ከመነኮሳት ነው ትላለች አሉ።

ዛሬ የምኖረው እዚሁ ኦሮራ ነው። ባለቤቴ መጥታ፣ እዚህ የወለድናት ልጃችን ሎውሪ የሚባል ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ትማራለች። አምና ትምህርት ቤቱ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ዓይን አስጨፍኖ ማስተንፈስ ሲጀምር ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡ አንዳንድ ወላጆች ተጨነቁና ስብሰባ ተጠራ። አስተማሪዋ፣ አትስጉ፣ ሳይንስ ብቻ ነው፣ ከየትም የመጣ አይደለም አለች። እጄን አነሳሁ። ጴንጤ እንደሆንኩ፣ ልጄ ብትማረው ቅር እንደማይለኝ፣ ከየትም አልመጣም መባሉ ግን ትክክል እንዳልሆነ ተናገርኩ። ይህን ነገር ይዘው የኖሩ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ታስረውበታል፤ ለልጆቹ ይነገራቸው አልኩ። ከወላጆቹ አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ። አስተማሪዋ ግን ከስብሰባው በኋላ መጥታ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ቆማ ጻፈችው።

ሃቫና ስትሪትን ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ስብሰባው ላይ አብራኝ የነበረችው ልጄ ከኋላ ወንበር በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። አንተ እነዚያን ሰዎች የት አገኘሃቸው አለችኝ። ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስሸሸው ኖሬያለሁ።

«እስር ቤት» አልኳት በአማርኛ። «ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ፤ በሁለት አገር።»

መጥፎ ነገር አድርገህ ነው ወይ አለችኝ።

«በመጀመሪያው ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ» አልኳት። «በሁለተኛው ተናገርኩ።»

መብራት ያዘንና ቆምን። በመስተዋቱ አየኋት፤ ትኩር ብላ ታየኝ ነበር። ቀጥል አለችኝ። መኪናውን ዳር ፓርክ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኳት።