ያልሰመረ ስለት

ልጅ ሆኜ የኅዳር ሚካኤልን መድረስ የማውቀው በጭሱ ነበር። በዚያ ቀን ባሕር ዳር በየደጁ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ጭሱ ከሐይቁ ጉም ጋር ተደባልቆ ዘንባባዎቹን ይሸፍናቸዋል። እኛ ልጆች እሳቱን ለመዝለል ስንሻማ፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በሐይቁ ዳር ዳር ወደ ሚካኤል ይጓዙ ነበር። የማወጋችሁ እሳት ስላልዘለልሁበት ኅዳር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ይሁኔ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ እናቴ በዚያች የሐይቅ ዳር ቤተ ክርስቲያን፣ በሕዝብ ፊት፣ ተሳለች። “ልጄን በሰላም ካመጣህልኝ ዣንጥላ አስገባልሃለሁ” አለች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የዣንጥላውን ቀይ ከፋይ በወርቃማ ክር ስትጠልፍ፣ ጠርዙ ላይ ዘርፍ ስትሰፋ ከረመች። ይሁኔ ዋና ያስተማረኝ፣ ከሐይቁ ዳር ደንገል ቆርጦ ፈረስ የሚሠራልኝ ወንድሜ ነበር። ጥልፉ በጨመረ ቁጥር እሱ ወደ ቤት የሚቀርብ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ከእሱ ጋር የዘመተ የሰፈራችን ልጅ በክራንች ተደግፎ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመና “ግባ” ቢሉት እምቢ አለ። “እማማ፣ እኔ ነኝ የቀበርሁት” ብሎ አለቀሰ።

የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ በቤታችን ሌላ ነገር መጣ። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ረቡዕና ዓርብን የማይሽር ሰው ነበር። ከመርዶው ወዲህ ጾሙን ተወ። እናቴ የተጀመረውን ዘርፍ ለመጨረስ መርፌ ባነሣች ቀን ደግሞ ተቆጣ።

“አንች ሴትዮ፣ ስለት የሚያስገባ የሰመረለት ነው። አንች ምን ሰመረልሽ?”

“ምንም።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ የት ላኑረው? አልጋ ሥር?”

“ሽጭው!”

“አንተ ሽጠው፤ ከቻልህ።”

አባቴ ዣንጥላውን ዐየት አደረገና ወጥቶ ሄደ።

ትምህርት ቤት በውይይት ሰዓት አስተማሪያችን “ሰማይ ላይ ያለው ደመና ነው፤ ሰሚ የለም” ሲለን በልቤ እስቅበት ነበር። አሁን መሳቁን ተውሁ። ሚካኤል ሰምቶ ዝም ካለ ጨካኝ ነው፤ ካልሰማ ደግሞ እናቴ የምትጠልፈው ለማን ነው? ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። አባቴን እንዳልጠይቀው ተቆጥቷል፤ እናቴን እንዳልጠይቃት ፈራሁ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት እሳቱን ለጓደኞቼ ትቼ የተከተልኋት መልሱን እዚያ አገኘዋለሁ ብዬ ነው።

ታቦቱ ዑደት አድርጎ ሲያበቃ ባለ ስለቶች ተራ በተራ ይወጣሉ። የደብሩ አለቃ የሰመረላቸውን ነገር ይናገራሉ፤ ሕዝቡም እልል ይላል። እናቴ ለበዓሉ ብላ የሐዘን ልብሷን በነጭ ጋቢ ሸፍናው ነበር። ወጥታ ዣንጥላውን ዘረጋችው። አለቃው የዓምናውን ስለት አልረሱትም፤ መርዶውን ግን አልሰሙም።

“ልጇ ከዘመቻ በሰላም የገባላት እናት ናት! እልል በሉ!”

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ከበሮው ተመታ። ለአንዲት ቅጽበት ይሁኔ የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርሁ።

እናቴ እጇን አነሣች። “አባቴ፣ እልል አያስብሉ። ልጄ አልገባም። ሞቷል።”

እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። ያልሰሙት የኋለኞቹ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እነሱም ዝም አሉ።

አለቃው ግራ ገባቸው። “ታዲያ ወለተ ሚካኤል፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ለእሱ ብዬ የሠራሁት ነው። ለሌላ አይሆንም።”

ከበስተኋላዬ አንዲት ባልቴት “ፊቷን እዩት እስቲ! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ብለው አጉረመረሙ። እናቴ ሰማቻቸው።

“አዎ፣ ተቀይሜዋለሁ። ልዋሽ እንዴ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ከምቀየመው ደጁ መጥቼ ልቀየመው ብዬ ነው።”

 አለቃው ዣንጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እልል በሉ አላሉም። “አቤቱ” ብለው ጀመሩና ድምፃቸው ከዳቸው። ከሴቶቹ ልጅ የዘመተባቸው ብዙ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ያ ጸጥታ ከሰማሁት እልልታ ሁሉ ይልቅ ጸሎት መሰለኝ፤ እስከ ዛሬም ይመስለኛል።

ስንወጣ አባቴን ከቅጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቆሞ አገኘነው። ሁሉን ሰምቷል።

“ዝም ብለሽ እልልታውን ብትቀበይ ምን ነበረበት?” አላት፣ ቁጣው በርዶ።

“በሐሰት እልል ይባልና ልጄ ሁለተኛ ይሙት?”

ቤት እስክንደርስ ከኋላችን ተከትሎን መጣ። ወደ ጾሙ የተመለሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ለምን እንደተመለሰ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

እኔ ትምህርቴን ከመንገድ ያቋረጥሁ ሰው ነኝ። ያወቅሁትን ያወቅሁት መጽሐፍ እየገለጥሁ ነው። ልጆቼንም በተግሣጽ አሳድጌያለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬ በየዐውደ ምሕረቱ በድምፅ ማጉያ ምስክርነት ሲሰጥ እሰማለሁ፤ ሥራ ያገኘ አለ፣ ቪዛ የወጣለት አለ፣ ቤት የሠራ አለ። እግዚአብሔር ይመስገን። “እኔ አልሰመረልኝም” ብሎ የሚወጣ ሰው ግን ዐይቼ አላውቅም። ያልሰመረላቸው የት እንደሚሄዱ እንጃ። ቤታቸው ሳይቀሩ አይቀሩም።

ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ቀብራ ወደ ቤቴ ከተመለሰች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። በቀደም “አባዬ፣ እውነት ይሰማል?” አለችኝ። በልማዴ ልቆጣ ነበር። ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ሄድሁ፤ አንዱን አወጣሁ፤ ገለጥሁ፤ ዘጋሁት። ለልጆቼ “አላውቅም” ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ለእሷ መለስሁላት።

“አላውቅም። ግን ተቀይመሽው ከሆነ፣ እዚያው ሄደሽ ተቀየሚው።”

እሷ ቀና ብላ ዐየችኝ። እናቴ ይህን በሕዝብ ፊት ቆማ ተናገረችው፤ እኔ ለአንዲት ልጄ፣ በሳሎኔ፣ ለመናገር ይህን ያህል ዕድሜ ፈጀብኝ።