ጥርሴ የነካው ጥይት

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትመጡ በስተቀኝ በኩል አናቱ ላይ ባሕር ዛፍ የተተከለበት አንድ ኮረብታ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ልጆች ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ምን ያድርጉ፣ እኛ አልነገርናቸውም። በእኛ ጊዜ ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ድንጋይና እኛ ብቻ ነበርን።

የደርግ ዘመን ሊያልቅ ሲል ነው። ከቢቸናም ከሞጣም ታጣቂ ተለቃቅሞ «ኮረብታውን ያዙ፣ መንገዱን ጠብቁ» ተባልን። ሠላሳ የምንሆን ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነን። ክላሽ ይመጣል ተባለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። በእጃችን የነበረው አያቶቻችን ያወረሱን ውጅግራ የሚሉት አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ የእሱ ጥይት ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ባዶውን ቀለህ ባሩድ እየሞላን፣ እርሳስ እያቀለጥን፣ አረሩን ራሳችን እናፈስ ነበር።

ራሳችን ስል እኔን ማለቴ ነው። አባቴ ጠይብ ነበር፣ እኔም ጠይብ ነኝ። ሌላው ለመተኮስ ተመረጠ፣ እኔ ለማቅለጥ።

እርሳስ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የሚወጣው ይጠነክራል፤ ከቧንቧ የሚወጣው ለስላሳ ነው። ለስላሳው ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ ይላላጥና ይለጠፋል። ጥቂት ከተኮስክ በኋላ ጠመንጃው ዒላማ ይስታል፤ ከዚያም ጨርሶ ይደፈናል። እኛ ያገኘነው ደግሞ ከዚህም ከዚያም የተቃረመ ነው። ጭብጥ ጭብጥ እያደረግን ስለምናቀልጥ አንዱ ጭብጥ ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ ይወጣል። ለዓይን ግን መንታ ናቸው።

አባቴ የሚለየው በጥርሱ ነበር። በጥፍር መጫር እጅግ የለሰለሰውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። በጎን ጥርስህ ጫን ትላለህ፤ ጥርስህ ከሰመጠ መልሰህ ታቀልጠዋለህ፣ ካንሸራተተህ ለጠመንጃ ይሆናል። ይኸው ነው ሙያው።

የመጀመሪያውን አረር አፌ ውስጥ ስከት ያየኝ ይልቃል ነው። የቢቸና ልጅ፣ ዜማ የተማረ፣ ደግ ሰው። ደግ መሆኑን አልክድም። ግን እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ ተነሣ።

«ኧረ በእመብርሃን! ጥይቱን ቀመሰው!»

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ቡዳ የቀመሰው ጥይት ተመልሶ ባለቤቱን ይበላል አሉ። ወይ ጉድ! የሚያርሱበትን ማረሻ አባቴ ነው የሠራላቸው። እናቴ በሠራችው እንስራ ውሃ ይጠጣሉ። በእጄ የፈሰሰውን አረርም ይወስዳሉ። ነገሩ ጥርሴ ላይ ሲደርስ ነው እንግዲህ ቡዳ የሆንኩት።

አለቃችን ባሻ ገላው ዘንድ ሄድኩ። «ባሻ፣ በጥፍር አይለይም። ለስላሳው ከገባበት ጠመንጃው ይደፈንብዎታል» አልኳቸው።

«አንተ አቅልጥ፤ ጥርስህን ለቆሎህ አስቀምጠው» አሉኝ።

ሰይድ ከአጠገባችን ነበር። ሰይድ የሞጣ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበያው ላይ ጨው ይሸጡ ነበር። እኔና እሱ አንድ ብርድ ልብስ ነው የምንጋራው፤ ሌላው ከእኔ ጋር መተኛት ስለፈራ። «ባሻ፣ ታዲያ እኔ ልንከሰው?» አላቸው። የእስላም ጥርስም አይሆንም ተባለ። ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ «አይዞህ ወንድሜ፣ አንድ ላይ ረከስን» አለና በሳቅ ፍርስ አለ።

በመጨረሻ ንከሳው አጥንቱ ደህና ለሆነ ሰው ይሰጥ ተባለና ለይልቃል ተሰጠ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ማፍሰሻው ሞራ ካልተቀባ እርሳሱ አይለቅም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አረር ሞራ ሞራ ይላል። ይልቃል እንዴት ብሎ ይንከሰው? ጾሙን ይሻር? ከንፈሩን ሸሸት አድርጎ በፊት ጥርሱ ጫፍ ቀጭ ያደርገውና «ድንጋይ ነው!» ይላል። ለስላሳውም ድንጋይ፣ ጠንካራውም ድንጋይ።

«ይልቃል፣ ጫን በል እንጂ!» እለዋለሁ።

«ሞራ እኮ ነው» ይለኛል።

ይህንንም ለባሻ ነገርኩ። ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሰይድ ግን ጠመንጃውን ይዞ መጣና «የእኔን አንተው ንከስልኝ» አለኝ።

«አትፈራም?»

«ምኑን? ብትበላኝስ አጥንት ብቻ ነኝ፤ ምን ይወጣኛል?»

ሰው ሁሉ እያየ አንድ በአንድ እየነከስኩ፣ ጠንካራውን እየለየሁ ዝናሩን ሞላሁለት። አንዳንዱ አማተበ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱም የእናት ልጆች ናቸው። ከሸለቆው በኩል ወጡብን። ተኮስን። መጀመሪያ ደህና ነበርን። ፀሐይ ወጣ ስትል ጥይታችን ከፊታችን አቧራ ማስነሣት ጀመረ። ቀጥሎ ጠመንጃዎቹ ተደፈኑ። «አልገባ አለኝ!» ይላል አንዱ። «የእኔም!» ይላል ሌላው። ይልቃል መወልወያ ዘንጉን አፈሙዙ ውስጥ ከቶ ይገፋ ነበር። ዘንጉን እንደያዘ ወደቀ። ጾሙን አልሻረም።

ባሻ «ውረዱ! በኋላ በኩል ውረዱ!» አሉ። ቁልቁለቱ ገላጣ ነው፤ ከላይ የሚሸፍን ሰው ሳይኖር መውረድ ማለቅ ነው። ማን ይሸፍን? የሚተኩስ ጠመንጃ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንተ ሂድ» አለኝ ሰይድ።

«አብሬህ ልቆይ።»

«በምንህ? በመዶሻህ? ሂድ አልኩህ!»

ወረድን። ከላይ የእሱ ውጅግራ ይጮኻል። ዝም ይላል። እንደገና ይጮኻል። እየሮጥኩ አለቅሳለሁ፤ የምሰማው እያንዳንዱ ጥይት በጥርሴ ያለፈ ነው። ረፋዱ ላይ ድምፁ ቆመ። ኋላ፣ ጠላት ኮረብታውን አልፎ ሲሄድ ተመልሰን ሬሳውን ስናነሣ ዝናሩ ባዶ ነበር። ጠመንጃውን አነሣሁና ወደ ብርሃን አድርጌ አፈሙዙን አየሁት፤ ንጹሕ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሞተ ተቆጠረ። ሰባት። ባሻ ገላው ቆመው ስማቸውን ጠሩ። ስድስቱን ጠላት ገደላቸው ተባለ። ሰይድን ግን እኔ በላሁት። «አላልንም? የነከሰው የእሱን ብቻ ነው፤ ይኸው በላው» አሉ። ይህን ያሉት በሰይድ ተኩስ ነፍሳቸው የተረፈች ሰዎች ናቸው። ዛሬም ቢቸና ገበያ ላይ ሲያዩኝ የልጅ ልጃቸውን በነጠላ የሚሸፍኑብኝ አሉ። ያ ሕፃን ሊወለድ የቻለው አያቱ ከዚያ ኮረብታ በሕይወት ስለወረደ ነው።

ለቅሶ ልደርስ ሞጣ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የሰይድ እናት እትዬ ዘሐራ አስጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከሰይድ በኋላ ማንም ሰው አጠገቡ አላስቀመጠኝም ነበር።

«እውነት ነው? የልጄን ጥይት ነክሰሃል?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ፣ ነክሻለሁ።»

«እስከ መጨረሻው ተኮሰለት?»

«ተኮሰለት።»

እጄን ያዙኝ።

«ታዲያ የሌሎቹንስ ለምን አልነከስክላቸውም? ልጄ ብቻውን አይቀርም ነበር።»

ባሻ ገላውና ሌሎቹ ከኮረብታው የወረዱት ሰዎች እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው ነበር። መልሱን እንዲሰጧቸው አየኋቸው።